ለእግዚአብሔር ብሎ መዋሸት ይቻላልን?



ከዓመታት በፊት በጣና ሐይቅ ዳር በተደረገ የወጣቶች መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በእጄ ይዤ እውነት ያልሆነ ነገር ተናገርኩ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ሳይንቲስቶች የፀሐይንና የጨረቃን አቀማመጥ በኮምፒውተር ወደ ኋላ ሲቆጥሩ አንድ ቀን ጎድሎ አገኙ፤ ግራ ሲጋቡ ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 10ን አስታወሰና የጠፋው ቀን ተገኘ አልኳቸው። ወጣቶቹ በአሜንና በእልልታ ተቀበሉኝ። ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ይህን ያነበብከው የት ነው?» አለኝ በትሕትና። «አንድ አገልጋይ ሲናገር ሰምቼ ነው» አልኩት። «እሺ፤ ግን ኮምፒውተሩ ቀኑ መጥፋቱን በምን ያውቃል?» መልስ አልነበረኝም። መልስ እንደሌለኝ መናገር ግን አሳፈረኝ። ስለዚህ «ወንድሜ፣ ሁሉ ነገር በጥያቄ አይሆንም፤ ትምህርት እምነትህን እንዳይሰርቅብህ ተጠንቀቅ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ዝም አለ። በሚቀጥለው መንፈቅ ወደ ኅብረቱ መምጣት አቆመ።

ዛሬ ከእናንተ ጋር ላስብበት የምፈልገው ጥያቄ ከዚያ ምሽት የተወለደ ነው። እውነት ለሆነው ወንጌል እውነት ያልሆነ ድጋፍ ማቆም ይፈቀዳልን?

አስቀድሜ የልጁን ጥያቄ ልመልስ፤ ዕዳ አለብኝና። ኮምፒውተር የሰማይ አካላትን አቀማመጥ የሚያሰላው ዛሬ ካሉበት ተነሥቶ፣ የእንቅስቃሴያቸውን ሕግ ተከትሎ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። በመካከል ፀሐይ ቆማ ከነበረች ስሌቱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ከዚያ ቀን በፊት የተመዘገበና ጊዜው በትክክል የታወቀ የሌላ ሰው ምልከታ ካልተሰጠው በቀር። ከባሕር ዳር የተነሣ አውቶቡስ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደገባ ብቻ ብታውቁ፣ ደጀን ላይ ለምሳ ቆሞ እንደነበር በስሌት ልታገኙት አትችሉም። መቼ እንደተነሣ የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋል። ናሳም ራሱ ታሪኩ እውነት አለመሆኑን አሳውቋል። እኔ በመጽሐፈ ኢያሱ የተጻፈውን አምናለሁ። ያመንኩት ግን ናሳ ስለመሰከረለት አይደለም። እንግዲህ ያን ምሽት ያደረግኩት ነገር፣ እኔ ራሴ ባላመንኩበት ምክንያት ሌሎች እንዲያምኑ መጋበዝ ነበር።

«ሳታውቅ ነው የተናገርከው፤ ውሸት አይባልም» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለብዙ ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ያላየውን «አይቻለሁ» የሚል ሰው፣ የተናገረው በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሐሰተኛ ምስክር ነው። የበደለው ስላየው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለራሱም ነው፤ ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ ቆሟልና። እኔም አላጣራሁም። ያላጣራሁት ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ ታሪኩን እንዳላጣው ስለፈራሁ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የኢዮብ ወዳጆች ራሳቸውን የእግዚአብሔር ጠበቃ አድርገው ነበር። ኢዮብ በምዕራፍ 13 የወቀሳቸው ስለዚሁ ጥብቅናቸው ነው፤ ለአምላክ ወግኖ የሚነገር ሐሰት አምላክን ደስ እንደማያሰኘው፣ ይልቁንም ተግሣጹን እንደሚያመጣ ነገራቸው። በመጽሐፉ መጨረሻም ጌታ የፈረደው ለኢዮብ ነው። ጳውሎስም በሮሜ ምዕራፍ 3 በእኔ ሐሰት የእግዚአብሔር እውነት ቢበዛስ የሚለውን ክርክር አንሥቶ፣ መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ ከማለት ጋር ቆጥሮ ጥሎታል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ክርስቶስ ካልተነሣ እኛ ሐዋርያት በእግዚአብሔር ላይ የሐሰት ምስክሮች ሆነን እንገኛለን ይላል። ልብ በሉ፤ ጳውሎስ «ባይነሣም እንኳ ትምህርቱ ለሰው ይጠቅማል» አላለም። ያየውን መሰከረ፤ ምስክርነቱም ሊመዘን እንደሚችል አልሸሸገም።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንመለስ። ያን ምሽት በላያችን የነበረውን ሰማይ የሚያጠኑ ሰዎች በምስክርነት ነገር የሚያስተምሩን አለና።

ባሕር ዳር የጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስላለች፣ ከዳርቻው ቆሞ ውኃውን የሚመለከት ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በኅዳር ወር ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከከተማው መብራት ራቅ ብላችሁ ደንገሉ ዳር ብትቆሙ፣ ከሐይቁ በላይ ከፍ ብሎ ደብዘዝ ያለ ሞላላ ጭጋግ የሚመስል ነገር በዓይናችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። አንድሮሜዳ የተባለው ጋላክሲ ነው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሚፈጅ ተለክቷል። ይህ ቁጥር የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ አትሽሹት፤ ልኬቱ እንዴት እንደተሠራ ተማሩና ጥያቄውን ከነክብደቱ በጌታ ፊት ያዙት። ክብደቱን ለማቅለል ብላችሁ ግን ያልተረጋገጠ ታሪክ አትፈልጉ።

በዚያው አቅጣጫ፣ ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ እጅግ ቀርቦ፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ አንድ ኮከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች የስያሜ ዕድል ሲሰጥ፣ የኢትዮጵያ ዕጣ ይህ ኮከብ ሆነና «ቡና» ተባለ፤ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔትም «አቦል» ተባለ። ከማዶ ከዘጌ የቡና ጫካ በላይ ሰማይ ላይም ቡና አለን ማለት ነው። ኮከቡ ያለ መሣሪያ አይታይም። አቦል ደግሞ የታወቀው በመታየት አይደለም፤ በስበቱ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስለሚያነቃንቀው ነው። ታማኝ ተመራማሪ «ፕላኔቱን አየሁት» አይልም። «የኮከቡን መነቃነቅ ለካሁ፤ ከዚህም ተነሥቼ ፕላኔት አለ እላለሁ» ይላል። ያየውንና ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበትን ለይቶ ይናገራል። እኛ በምስክርነታችን ውስጥ ይህን ያህል እንለያለን?

ይህ ሥራ የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በአዲስ አበባ ሆነው ስለ ጋላክሲዎች ከተመራመሩትና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ካሠለጠኑት መካከል ሰርቢያዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሚርያና ፖቪች ይገኛሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የሚባል ቤተ ሙከራ አለ፤ ከምድር በላይ ያለውንና የሬዲዮ ሞገድ የሚያልፍበትን፣ በኤሌክትሪክ የተሞላ የከባቢ አየር ክፍል ያጠናል። ዋሸራ በጎጃም የታወቀ የቅኔ ትምህርት ቤት ስም መሆኑን ታውቃላችሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ስሕተቱን ይነቅሳል፣ ያርማል። ቅኔው ስለመልካም ነገር የተባለ ስለሆነ ብቻ አይታለፍም። የሳይንስ ቤትም እንዲሁ ነው።

አንድሮሜዳ ሩቅ ጋላክሲ መሆኑ ራሱ የታወቀው በእርማት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ብዙ ሊቃውንት ያ ጭጋግ የእኛው የከዋክብት ስብስብ አካል ነው ይሉ ነበር። ሃርሎው ሻፕሊ የተባለው ታላቅ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1920 በአደባባይ ክርክር ለዚህ ወገን ቆሞ ነበር። በጥቅምት 1923 ኤድዊን ሃብል በአሜሪካ ዊልሰን ተራራ ላይ የአንድሮሜዳን ፎቶግራፍ አነሣ። በመስተዋቱ ሳህን ላይ አንድ ብሩህ ነጥብ አይቶ፣ ድንገት የሚፈነዳ ኮከብ መሰለውና «ኖቫ» ለማለት «ኤን» የሚል ፊደል ጻፈበት። ኋላ ከቀድሞ ሳህኖች ጋር ሲያስተያየው ኮከቡ በየጊዜው የሚደምቅና የሚደበዝዝ ሆኖ አገኘው። የጻፈውን ፊደል ሰርዞ፣ «ተለዋዋጭ» ለማለት «ቫር!» ብሎ ጻፈ። ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች ተመራማሪ ቀደም ብላ ባገኘችው ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ያሉ ኮከቦች የሚለዋወጡበት ጊዜ እውነተኛ ድምቀታቸውን ያስታውቃል፤ ድምቀቱ ከታወቀ ርቀቱ ይታወቃል። ርቀቱ ሲሰላ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ሆነ። ሃብል ውጤቱን ለሻፕሊ በደብዳቤ ገለጠለት፤ ሻፕሊም የገነባው ሥዕል መፍረሱን ተቀበለ። ያ ሳህን ዛሬም ስርዙ እንዳለበት ተቀምጧል፤ ማንም አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የዚሁኑ የአንድሮሜዳ አዟዟር ለኩ። በዳር ያሉት ከዋክብት ከመካከሉ ርቀው ሳለ ቀስ ይላሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ፍጥነታቸው እምብዛም ሳይቀንስ ተገኘ። የሚታየው ቁስ ብቻውን ሊይዛቸው አይችልም። ዛሬ ብዙዎች የማይታይ ቁስ አለ ብለው ያምናሉ፤ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን ማንም አላወቀም። ተመራማሪዎቹም ይህን በግልጽ ይናገራሉ። «አናውቅም» ማለታቸው የሚያውቁትን አላረከሰባቸውም። እኛም በዚህ ክፍተት ውስጥ ፈጥነን «እግዚአብሔር ነው» ብለን እንዳንሞላ እንጠንቀቅ። ነገ ቁሱ ቢገኝ ጌታችንን ከዚያ ቦታ ልናስነሣው ነው? የዕብራውያን መጽሐፍ ምዕራፍ 1 እንደሚያስተምረን ሁሉን የሚደግፈው እርሱ ነው፤ የተረዳነውንም ያልተረዳነውንም።

ከሰማይ ወደ ትንሿ ነገር እንውረድ። ሌሎች የፊዚክስ ሰዎች ደግሞ በብረትና በክሪስታል ውስጥ እልፍ አእላፍ ኤሌክትሮኖች አብረው ሲሆኑ የሚያሳዩትን ጠባይ ያጠናሉ፤ ይህም የቁስ ኳንተም ፊዚክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በኔዘርላንድ ካመርሊንግ ኦነስ ባዚቃን እስከ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ድንገት ሲጠፋ አገኘ። ለምን እንደሆነ አጥጋቢ ማብራሪያ የመጣው በ1957 ነው፤ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደሚጣመሩና ሁሉም በአንድነት እንደሚጓዙ አሳዩ። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ። ያ ሁሉ ዘመን እውነቱ ተለክቶ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ «ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን! ብቻውን የማይችለው በኅብረት ይችላል» ብዬ ልሰብክ ይቃጣኛል። ብሰብክም ኀጢአት አይደለም፤ ጌታችንም በዘርና በእርሾ ምሳሌ አስተምሯል። ነገር ግን ምሳሌ ማስረጃ አይደለም። ኤሌክትሮን ስለ ቤተ ክርስቲያን አይመሰክርም። «ይህ ያንን ይመስላል» ማለትና «ይህ ያንን ያረጋግጣል» ማለት ሁለት ነገር ነው፤ በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የምንስተው በዚህች ትንሽ እርምጃ ነው።

በዚሁ የምርምር ዘርፍ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ቤል ላብስ ይሠራ የነበረ ያን ሄንድሪክ ሾን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን የሚያስደንቁ ውጤቶችን አሳተመ። በኋላ ሌሎች ሲመረምሩ፣ በተለያዩ ሙከራዎች የተገኙ በተባሉ ሥዕሎች ላይ አንድ ዓይነት ጥቃቅን መዋዠቅ ተደግሞ አገኙ። በሁለት የተለያዩ ሙከራዎች እንዲህ ያለ መዋዠቅ ነጥብ በነጥብ ሊመሳሰል አይችልም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 አጣሪ ኮሚቴው 16 የማጭበርበር ድርጊቶችን አረጋገጠ፤ ታላላቆቹ መጽሔቶች «ሳይንስ» እና «ኔቸር» የታተሙት ጽሑፎች እንዲሻሩ አደረጉ። ሾን ከተያዘ በኋላም የዘገበው ነገር እውነት ነው ብሎ እንደሚያምን ተናግሯል። ማመኑ እውነት ሊሆን ይችላል። «እውነቱ እንዲህ ነው፤ ማስረጃው ባይኖረኝም እኔ ልሙላው» የሚል ሐሳብ እኔም በሐይቁ ዳር ነበረኝ። ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? በየአገሩ ያንን ውጤት ለመድገም ወራትና ዓመታት ያቃጠሉ ወጣት ተመራማሪዎች። ሙከራው አልሳካ ሲላቸው ጥፋቱ የእነርሱ የመሰላቸው ነበሩ። በእኛም ዘንድ ተጋኖ በተነገረ ምስክርነት የተነሣ፣ እንደተነገረው አልሆንለት ያለ ወጣት «ችግሩ የእኔ እምነት ማነስ ነው» ብሎ ብቻውን ያለቅሳል።

ስለ ኳንተም ካነሣን አይቀር፣ «ኳንተም ፊዚክስ እንዳረጋገጠው ተመልካች እውነታን ይፈጥራል፤ ስለዚህ በአፍህ ያወጅከው ይሆናል» የሚል ትምህርት ሰምታችሁ ይሆናል። በፊዚክስ «መመልከት» ማለት ቅንጣቷ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር ተገናኝታ ውጤቱ መመዝገቡ ነው። ሙከራውን የሚያካሂደው ሰው ውጤቱን በምኞቱ ሊመርጥ አይችልም። ስለ ጸሎትና ስለ እምነት የምንማርበት መጽሐፍ አለን፤ ከፊዚክስ ያልተሰጠንን ብድር መውሰድ አያስፈልገንም።

ከወዲያኛውም ወገን ተመሳሳይ ስሕተት አለ። «ሰማዩን አየን፤ እግዚአብሔር የለም፤ የሰው ልጅም ከንቱ ነው» የሚል ሰው ቴሌስኮፑ ያልለካውን እየመሰከረ ነው። የአንድሮሜዳ ስፋት የአንዲትን ሕፃን ክብር አይለካም። መዝሙረኛው በመዝሙር 8 ሰማያትን አይቶ የሰውን ትንሽነት ተገረመበት፤ ክብሩን ግን ከመጠኑ አላገኘም፣ ካሰበው አምላክ እንጂ። ይህን ስል እምነቴን እየተናገርኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ የሳይንስ ውጤት ነው ብዬ አላቀርበውም።

«ግን በዚያ ታሪክ አንድ ሰው ጌታን ቢቀበልስ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቷል። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 1 ሰዎች በፉክክር እንኳ ክርስቶስን ቢሰብኩ ደስ እንደሚለው ጽፏል። በዚያ ስፍራ ጠማማ የነበረው ግን የሰባኪዎቹ ልብ ነው፤ የሰበኩት ክርስቶስ እውነተኛ ነበር። እግዚአብሔር በምሕረቱ በስሕተታችን ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ በበለዓም አህያም ተናግሯል። ምሕረቱ ግን ለሚቀጥለው ስሕተት ፈቃድ አይሆነንም። በሐሰት ድጋፍ ላይ የቆመ እምነት ድጋፉ በተነሣ ቀን ምን እንደሚሆን እኔ አይቻለሁ።

ያን ተማሪ ከብዙ ዓመት በኋላ ፈልጌ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ናሳ ታሪክ መሳሳቴን ስነግረው ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ስሕተቱ አልነበረም ያስቀየመኝ። ሁሉም ሰው ይሳሳታል። እውነቱን ልወቅ ብዬ ስጠይቅህ እንደ ሌባ አየኸኝ» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደሌለኝ ነገርኩት። ወደ ኅብረቱ አልተመለሰም። አልፎ አልፎ ቡና እንጠጣለን፤ እጸልይለታለሁ፣ ያውቃል።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ»፣ የምታምኑትን «አምናለሁ» በሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ አታስቀምጡ። ደስ የሚል ታሪክ ሲመጣላችሁ በስልካችሁ ለሌላው ከማስተላለፋችሁ በፊት «ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በተለይ ለእምነታችን የሚወግን ሲሆን። ተሳስታችሁ ከሆነ በተናገራችሁበት ጉባኤ ፊት ሰርዙት፤ ስርዙም ይታይ። በመካከላችሁ ፊዚክስ የሚማር ወንድም ወይም እህት ካለ እንደ ስጋት አትዩት፤ የሰማዩን ሥራ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው በኅብረታችሁ መኖሩ በረከት ነው። የማታውቁትን ሲጠይቃችሁም «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉት። እኔ ያን ምሽት ያልተናገርኳት ቃል ይህችው ነበረች።